የአባቴን ብርቱካን ለማባዛት

አባቴ ከመርሳ ከተማ ዝቅ ብሎ ባለው የመስኖ መሬታቸው ላይ አርባ የሚሆን የብርቱካን ዛፍ ነበራቸው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ስመለስ በቅጡ የምታፈራው አንዷ ብቻ ቀርታ ነበር። ሌሎቹ ቅጠላቸው እየገረጣ፣ ከጫፋቸው እየደረቁ ማገዶ ሆኑ። ጎረቤቶቻችን ሽንኩርት ሲተክሉ እኔ ከዚያች ከቀረችው ዛፍ አባዝቼ ማሳውን መልሼ እሞላለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ዘዴውን ያሳዩኝ በችግኝ ጣቢያ የሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ለመብቀል የተዘጋጀ እምቡጥ ከነቅርፊቱ በምላጭ ይላጣል፤ በሎሚ ችግኝ ቅርፊት ሥር ይሸጎጥና በላስቲክ ይጠቀለላል። እምቡጡ ከያዘ የሎሚው ጫፍ ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድገው ብርቱካን ነው። ሲያዩት ቀላል ነው። የእኔዎቹ ግን በሳምንት ውስጥ ጠቁረው ረገፉ።

በዓመቱ ደገምኩ። ሁለት ያዙልኝ፤ የጎረቤት ፍየል በላቸው። ቀጥሎ የያዙልኝን ጦርነቱ ሲመጣ ጥዬ ሸሸሁ፤ ስመለስ ላስቲኩ በደረቀ እንጨት ላይ ተጠምጥሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ደግሞ ቦያችን በደለል ተደፈነና በጋውን ሙሉ ውሃ በጀሪካን ተሸከምን።

ባለቤቴም አብራኝ ትሸከም ነበር። አንድ ቀን ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣

«ቆይ፣ ይህ ነገር ባይሆንስ?» አለችኝ።

«ይሆናል።»

«አምናም እንዲሁ ብለኸኛል።»

ተቆጣኋት። የጠየቀችኝን እኔም ራሴን ስጠይቅ ከርሜ ነበር። ለአባቴ ሳማርር ደግሞ፣ «አላህ ያደረቀውን አንተ በምላጭ ታለመልማለህ?» ይሉኛል።

በስድስተኛው ዓመት አሥራ አንድ ያዙልኝ። ጉልበቴ ድረስ ሲደርሱ አባቴን እጃቸውን ይዤ ወስጄ አሳየኋቸው። «ማሻ አላህ» አሉ፤ አንዷን ቅጠል በጣታቸው ዳሰሷት። በቀጣዩ ክረምት ግን ቅጠሉ ይገረጣ ጀመር። ጥቂት ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። አንዲት የግብርና ባለሙያ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው።

«እምቡጡን ከየት ነው የወሰድከው?»

«ከአባቴ ዛፍ። በሽታው ያልነካት እሷ ብቻ ናት።»

«ነክቷታል» አለች። «ተቋቁማው ነው እንጂ። በሽታው ከእምቡጡ ጋር አብሮ ይሄዳል። እስካሁን ስታባዛ የኖርከው እሱን ነው።»

ዛፏም እስካልተቆረጠች ድረስ አዲስ ብተክል እሱም በበሽታው እንደሚያዝ ነገረችኝ። ሰባት ዓመት! ሽማግሌው ይህን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸው። በሚኒባሱ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስለ መንገዱ መበላሸት ሲያወራኝ «ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት።

ለአባቴ ነገርኳቸው።

«መቆረጥ አለባት ትላለች፣ አባባ።»

«እኔን ቁረጠኝ በላ!» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ ዓርብ ወደ መስጊድ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ጁምዓ ሰግጄ ሳልመለስ ጨርስ።»

ቆረጥኳት። አሥራ አንዱንም ነቀልኩ። ሥሯን ስቆፍር እየተሳደብኩ ነበር፤ ማንን እንደምሰድብ ግን አላውቅም።

አሁን ባለሙያዋ ከጠቆመችኝ ቦታ ንጹሕ እምቡጥ አምጥቼ እንደገና ጀምሬያለሁ። እጄ ሥራውን ለምዷል፤ ካያያዝኳቸው አብዛኞቹ ይዘዋል። ባለቤቴ «ደግሞ ስንት ዓመት?» ስትለኝ «ሦስት፣ አራት» እላታለሁ። ትስቃለች፤ ሳቋ ግን የደስታ አይደለም። የገረጣ ቅጠል ባየሁ ቁጥር ወደ ብርሃን አንሥቼ አገላብጠዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የውሃ ጥም ብቻ ሆኖ ይገኛል። አባቴ እስካሁን ወደዚያ ማሳ አልወረዱም።