ሹሩባዬ ላይ የቀረው የገብስማ ላባ

ራሴ ላይ ዶሮ የዞረው በእንስሳት ሳይንስ ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ይሄን ስጽፍ ራሱ ፊቴ ይግላል።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ናት። ሥራ ፍለጋዬ ሲረዝምባት ግን ከሰኞ ገበያ ገብስማ ዶሮ በዘንቢል ደብቃ አመጣች። እኛ ሰፈር፣ ሆጤ፣ ጥቁርና ነጭ ላባ የተቀላቀለባትን ዶሮ ለወጥ ነው የገዛኋት ብትይ የሚያምንሽ የለም።

"እማ፣ ያምሻል እንዴ? ቀለም እኮ ነው!"

"ዝም በይና ጎንበስ በይ። መኪናው ያመልጥሻል።"

ኮምቦልቻ አንድ ዶሮ እርባታ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ነበር፤ ከተመረቅሁ የመጀመሪያው ጥሪ። ለክርክር ጊዜ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። "ቢሆንልኝስ?" ብዬ ነው ጎንበስ ያልኩት። ዶሮዋ ራሴ ላይ ስትራገብ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጠያቂዎቹ አንድ ሰውዬና ሻርፕ የተከናነቡ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሰውዬው የላባ ቀለም ከየት ይመጣል አለኝ። ምላሴ ተፈታ።

"ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ላባው ሲያድግ አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ያርፋሉ። ሲሠሩ ጥቁር፣ ሲያርፉ ነጭ ይወጣል። ገብስማ የሚሉት በቃ ይሄው ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።"

"ምንም?"

"ምንም! ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያወራው።"

"ሹሩባሽ ላይ ያለው ታዲያ ምንድነው?" አለኝ ሰውዬው።

እጄን ሰደድኩ። ላባ። የደረት ላባ፣ ከሥሩ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ሙቀት የሚይዝላት ዓይነት። ጫፉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። ሰውዬው በሳቅ ሊሞት!

"ቤት ዶሮ እናረባለን" አልኩ። አናረባም።

ስወጣ ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ወላሂ ለማንም አላወራም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የኔዋም ልጅ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ቆየች። ከየት ነው ያገኛችኋት? እዚህ ገብስማ ፈልጌ አጣሁ።"

"ሴሎቹ እኮ ናቸው እናቴ" ማለት ነበረብኝ። አሁን እዚያ ውስጥ ስጮህ የነበርኩት እኔ አይደለሁም? ግን ቀጣሪዬ ሊሆኑ ነው።

"ሰኞ ገበያ" አልኳቸው። "በጠዋት ይሂዱ። እግሯ ቢጫ ከሆነ ደግሞ አይግዙ፣ አይሠራም ተብሏል።"

የእግሯን ነገር ማን ጠየቀኝ?

"አላህ ይስጥሽ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሥራውን አገኘሁ። እናቴ ዶሮዋ ናት ትላለች። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ላባ ጥሩ ስለመለስኩ ነው እላለሁ። ሴትዮዋ ግን በቀደም ከቢሯቸው ደጃፍ ጠቀሱኝና "እግረ ጥቁር አገኘሁላት" ብለው ሹክ አሉኝ። እንኳን ደስ አለዎት አልኩ። እኔን ለምን እንደመረጡኝ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።