የማን መልስ ነው?

ፀጉሯን ለመሠራት ብቻ ብላ አስካለች ቤት የምትገባ ሴት ካለች፣ ያቺ ሴት የመሪ ሰፈር ሰው አይደለችም። ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ባለው በዚያ ፀጉር ቤት ሹሩባው ሰበብ ነው። ዋናው ነገር ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው። አስካለች ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ፣ ጉንጉኑን በአንድ እጇ ቆንጥጣ ይዛ፣ በሌላው ሪሞቱን ትጫናለች። ክሊፑ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችው ሁሉ ጭንቅላቷን ታወጣለች።

“እዩልኝ” ትላለች አስካለች። “አምስት ሆነው ነው የሚዘፍኑት አይደል? አራቱ ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ይሄኛው ብቻውን መኪና ውስጥ ምን ይሠራል? ይሄ ልጅ ከባንዱ ሊወጣ ነው፤ ጠብቁ።”

ስድስት ወር ሳይሞላ ልጁ እውነትም ለብቻው ዘፈን ይለቃል። ሴቶቹም “አንቺ ሴትዮ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?” ይሏታል። ምን ጠንቋይ አመጣባችሁ! አያት ሰፈር ገና የገብስ ማሳ ሳለ እዚያው የተወለደች፣ እናቷ በኦሮምኛ እየተቆጧት በአማርኛ የተማረች የገበሬ ልጅ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዛ ኖራለች፤ ሰው ምን መምሰል እንደሚፈልግ ከመናገሩ በፊት ታውቃለች። “ክሊፕ ማለት የሠርግ ቤት ነው” ትላለች። “ማን ፊት እንደተቀመጠ፣ ማን ጓዳ እንደቀረ ካየሽ ዘፈኑን ባትሰሚውም ምንም አይቀርብሽም።”

ይህቺ ሴት ታዲያ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ቢፍቱ የምትባል። ቢፍቱ ድራም መቺ ናት። ሩሃማ ትዘፍናለች፣ ሀዊ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች፣ እሷ ትመታለች፤ ሦስት ሆነው ሽቅብ የሚባል ባንድ አቁመዋል። በዚህ ዓመት እግዚአብሔር ብሎላቸው የመጀመሪያ ክሊፓቸውን ሊሠሩ ሆነ፤ ዳይሬክተሩ ኢዛና ራሱ ፀጉር ቤት ድረስ መጣ።

“እትዬ አስካለች” አላት፣ “አደራ፣ ሦስቱም እኩል ይሁኑልኝ። እንጦጦን በሩጫ የሚወጡ፣ ላብ ያጠመቃቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። ተራ ሹሩባ ይበቃል፤ ሌላ ምንም እንዳይጨምሩ።”

“አንተ ልጅ፣ ክሊፕ ለእኔ ልታስተምር ነው?” አለችው። ኢዛና አፍሮ እየሳቀ ወጣ።

የሩሃማን በአንድ ሰዓት ጨረሰች፤ የሀዊንም እንደዚያው። ቀጭን፣ ወደኋላ የተጎነጎነ፣ ልክ እንደተባለው። ከዚያ የገዛ ልጇ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እንግዲህ እናት ናት፤ ምን ይደረግ? መጀመሪያ “አንድ ጉንጉን ብቻ ወፈር ላድርገው” አለች። ወፈር አደረገችው። ቀጥሎ ያማረው ነገር ወጣ እንዲል ከመሃል ከፍ አደረገችው። ሥራውን በጀመረች በስድስተኛው ሰዓት ቢፍቱ ራስ ላይ ደንበኛ አልባሶ ቆሞ ነበር፤ ግንባሯ ላይ ደግሞ ከጎረቤት የተዋሰችው የወርቅ ጌጥ ተንጠልጥሏል። የአስካለች እግር አብጦ ጫማዋን ማውለቅ አቃታት፤ እሷ ግን ከደስታዋ ብዛት አልተሰማትም። በማግስቱ ልጆቹ ወደ እንጦጦ ሄዱ።

ክሊፑ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ተለቀቀ። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። ወረዳ የምትሠራው ሒሩት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማትቀረው ደንበኛ፣ ካስኩን ገና ሳይሞቅ ገፍታ ወጣች። አስካለች ድምፁን ከፍ አደረገች። ባህር ዛፉ ታየ፣ ቀዩ አፈር ታየ፣ ሩሃማ እየሮጠች መጣች፣ ሀዊ ተከተለች። ከእነሱ በስተኋላ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሳ የተከናነበች አንዲት ልጅ ትንገዳገዳለች።

“ልጄስ?” አለች አስካለች። “ይህቺ እንደ ሌባ የተሸፋፈነችው ማናት?”

ሁሉም አውቀዋታል። አራት ደቂቃ ሙሉ ጠበቁ፤ የቢፍቱ ፊት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሌላው እጅ ብቻ ነው፣ የድራም በትር ብቻ፣ የሹራብ ጀርባ ብቻ።

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!” ብላ ተነሳች አስካለች። “ጓዳ አስቀሯት! ልጄን ጓዳ አስቀሯት! ይኸው ነው፣ ሊያስወጧት ነው። እኔ ስንቱን በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ።” ወዲያው ስልክ አነሳች። ቢፍቱ መገናኛ ልምምድ ላይ ነበረች። “በትሮችሽን ይዘሽ ነይ። ከዛሬ ጀምሮ ባንድ የሚባል ነገር የለም። ሳያስወጡሽ ራስሽ ትወጫለሽ!”

“እማዬ፣ ምን ሆንሽ?”

“ነይ ብያለሁ!”

አስካለች ቃሏን የማታጥፍ ሴት ናት። ቢፍቱም የእናቷን ቃል የምትጥስ ልጅ አይደለችም። ሒሩት ይህን ስለምታውቅ ደነገጠች፤ “ኧረ ተይ አስኩ፣ የልጅቷን እንጀራ አትድፊባት” አለቻት። አስካለች ግን ኢዛና ጋ ደውላለች።

“አንተ! ልጄን ምን በድላህ ነው የደበቅካት?”

ኢዛና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እትዬ፣ እንዳልናገር ቃል አስገብታኛለች። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት? የሰው ክሊፕ እንደሚያዩት አድርገው አንዴ ይዩት።”

ስልኩን ዘጋችበት። ቢሆንም ቃሉ ከነከናት። ማበጠሪያውን ነከሰች፣ ሪሞቱን አነሳች። “እሺ” አለች፤ “የሰው ልጆች ናቸው እንበል። እናታቸውን አላውቃትም።”

ከመጀመሪያው ጀመረች። “ዘፈኑ ሳይጀምር ትንፋሽ ይሰማል፤ ደክሟቸዋል ማለት ነው፤ ጥሩ። ከታች ሆኖ ነው የቀረፃቸው፤ ዳገቱ እንዲረዝም። ከንፈራቸው ቀለም የለውም። ጫማቸው ጭቃ ነው፣ የእውነት ጭቃ። እዩ፣ አንዷን ውኃ ለሁለት ተቀባበሉ፤ አለቃ የለንም ማለታቸው ነው።” ቁጣዋ እየበረደ፣ ድምፅዋ የሥራ ድምፅ እየሆነ መጣ። “ደግሞ ስሙ። ሥዕሉ በተቀየረ ቁጥር ድራሙ ነው የሚቀይረው። ድም ሲል ዛፍ፣ ድም ሲል ሩሃማ። ሥዕሉን የቀጣጠለው ሰው ልጅቷን ቢንቃት ኖሮ በምቷ ልክ አይቆርጥም ነበር።” እዚህ ላይ ራሷ ግራ ገባት። “ታዲያ ከወደዷት ለምን ሸፈኗት?”

ወደዚያች ብልጭታ ደረሰች። ንፋስ ኮፍያውን ገፎታል። አስካለች ሪሞቱን ተጫነች፤ ክሊፑ ቀጥ አለ።

ባህር ዛፉ ውስጥ፣ ላብና ጭቃ በለበሱ ሁለት ልጆች መካከል፣ ግንባሯ ላይ ወርቅ የተንጠለጠለ፣ አልባሶዋ እንደ ጎታ የቆመ ሙሽራ ትሮጣለች።

በር አጠገብ ፀጉሯን በቢጎዲን የጠቀለለች፣ የማንንም ነገር የማታውቅ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀምጣለች። “ውይ!” አለች። “ከሠርግ ጠፍታ ነው? የማን መልስ ነው?”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሒሩት አፏን በፎጣ አፈነች፤ ሳቋ ግን በአፍንጫዋ አመለጠ። አስካለች ብቻ አልሳቀችም። ቴሌቪዥኑን አየች፣ እጆቿን አየች፣ እንደገና ቴሌቪዥኑን አየች። ሦስቱም እኩል ይሁኑልኝ ነበር የተባለችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

“የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ” አለች። “ወይ አስካለች! ወይ ጉድሽ! ጓዳ ያስቀረኋት እኔ ነኝ እኮ!”

ቢፍቱ እያለከለከች ገባች፤ በትሮቿን ይዛለች፣ አልባሶው አሁንም ራሷ ላይ ነው፣ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ታክሲ ውስጥ አልቅሳለች። “እሺ፣ እወጣለሁ” አለች ገና ከበሩ። “እንዲያው ለምን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።”

“አትወጪም” አለች እናቷ። “እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ። አሁን ገና አየሁት። የሰፈር ልጅ አድርጊያት ብባል ሙሽራ አደረግኩሽ። ሰዎቹ ምን ያድርጉ? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?”

ቢፍቱ በትሮቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። “ኢዛና ፍቺው ብሎኝ ነበር” አለች። “እንጦጦ እንደደረስን። ሩሃማና ሀዊም እናግዝሽ፣ በግማሽ ሰዓት እንፈታዋለን አሉ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከኋላ አድርጉኝ፣ ኮፍያ ስጡኝ፣ ይህን ግን አልፈታም አልኳቸው።”

“ለምን? አብደሻል? የመጀመሪያ ክሊፕሽ እኮ ነው!”

“ስትጨርሺ ብቻሽን እልል አልሽ እኮ፣ እማዬ። ሱቁ ውስጥ እኔና አንቺ ብቻ ነበርን፤ እግርሽ አብጦ፣ ማበጠሪያውን እንደያዝሽ እልል አልሽ። እልል የተባለበትን ፀጉር እንዴት አድርጌ ልፍታው?”

ሳቁ ሁሉ ጠፋ። ሒሩት ፎጣውን ወደ ዓይኗ ወሰደችው። አስካለች ልጇን እቅፍ አድርጋ፣ አልባሶው አፍንጫዋን እየወጋት፣ የልቧን አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ፊቷን በሽርጧ ጠረገችና ወንበሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

“ቁጭ በይ።”

“ልትሠሪኝ ነው?” አለች ቢፍቱ፣ በፍርሃት ማለት ይቻላል።

“ልፈታው ነው። እኔው የጎነጎንኩትን እኔው እፈታዋለሁ። ለሚቀጥለው ክሊፕ ደግሞ ሩሃማን ነው የምሠራው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራሻለሁ።”

የመጀመሪያዋን ጉንጉን በማበጠሪያው ጫፍ ቀስ ብላ ፈታች። ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ ግን ክሊፑን እንደገና ከፍተው፣ እናትና ልጅ የኢዛናን አቀራረፅ አብረው ማማት ጀምረዋል።