ቅቤው፣ ማንጎውና ጣቶቼ

ጠመኔው ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ።

አሶሳ ያለችበት ክልል ገና መቋቋሙ ነበር፤ እኔም ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አይታጠፉም። ረፋዱ ላይ ይላላሉ። ከዚያ አንጓቸው አበጠ፤ የሁለቱም እጆቼ። ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ሰሌዳ ላይ መጻፍ ያልቻለ አስተማሪ ምን ይሠራል? ፈራሁ።

እናቴ ቁርጥማት የሚፈታው በቅቤ ነው ብላ ከአገር ቤት ቅቤ ላከች። በየማለዳው አንጥሬ ጠጣሁ፤ የአጥንት መረቅም ጨመርኩበት። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ወፈርኩ እንጂ እጄ አልተፈታም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን እያደረጉ አዩና ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አሉኝ፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ሕመም። ደሜ ሲመረመር ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድም እንዲታይ፣ ለሚያካሂዱት ጥናት ደግሞ ቫይታሚን ኤ፣ ሲና ኢ እንዲለካ አዘዙ። ገረመኝ። ያመመኝ ጣቴ፣ የሚመረመረው የደሜ ስብ።

መጥፎው ስብ ከፍ ብሎ፣ ጥሩው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቫይታሚኖቹም ዝቅ ብለዋል። ጥያቄ አዥጎደጎድኩባቸው። እብጠቱ ጣት ላይ ብቻ እንደማይቀር፣ የደም ሥርንም እንደሚነካ፣ እንደኔ ያለ ሰው ልቡንም መጠበቅ እንዳለበት አስረዱኝ። ቫይታሚኖቹ እብጠቱን ሲታገሉ ያልቁ ይሆን አልኳቸው።

"እኛም የምንጠይቀው እሱኑ ነው" አሉ። "አሶሳ ምን ፍሬ አለ?"

"ማንጎ። ግን አልበላም፤ ወባ ያመጣል ይባላል።"

ክፍል ውስጥ ወባ በትንኝ ነው እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ። የማንጎና የወባ ወራት ስለሚቀራረቡ የመጣ ወሬ መሆኑን ባውቅም አፌ እሺ አይልም ነበር። ያዘዙልኝ ክኒን ደግሞ ክሎሮኪን ሆነ፤ አሶሳ ለወባ የምንውጠው! ለመገጣጠሚያም ይረዳል አሉ፤ ዓይኔን በየጊዜው እንድታይም አስጠነቀቁኝ።

"ማንጎውን ብዪ፤ መድኃኒት ግን አይደለም፤ ክኒኑን እንዳትተዪ። ቅቤውን ተዪ።"

እናቴን ቅቤ አትላኪ ማለት ከሕመሙ ባልተናነሰ ከበደኝ። እጄ ቢላ መያዝ ባቃተው ጊዜ ሁሉ ጎረቤቴ ሃዋ፣ የበርታ ተወላጅ ናት፣ ከጓሮዋ ማንጎ ለቅማ፣ ልጣና ቆራርጣ በሳህን ታመጣልኝ ነበር። "አስተማሪ፣ ብላ፤ ወባ ቢመጣ እኔ ነው ጥፋተኛ" እያለች ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛዋ ትስቅብኛለች። ወራት አልፈው እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፣ ስቡም ወረደ፤ ከክኒኑ ይሁን ቅቤውን ከመተዌ፣ ወይስ ከማንጎው፣ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ዛሬም እጠይቃለሁ። ወደ ሰሌዳው ግን ተመለስኩ።

ሐኪሙንም ሃዋንም እግዜር ይስጥልኝ። ጣታችሁ የሚያብጥ ሁሉ፣ የደማችሁን ስብ አስለኩ፤ ፍሬውን ብሉ፤ መድኃኒቱን በፍሬ አትተኩ። በቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ጠመው ቀርተዋል። ቅቤ ስጠጣ በከረምኩበት ዓመት ሐኪም ዘንድ ብሄድ ኖሮ ይተርፉ ነበር ተብያለሁ። እናንተ ሂዱ።