የበረኛው እህት

የወንድሜ ልጅ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ሶዶ ስለደረሰው ከቤሌ መጥቶ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ባለፈው እሑድ የከተማችን ቡድን ተሸነፈና ስልኩን ከፍቶ የዓመቱን ውጤት ያነብልኝ ጀመር፤ ይኼን አሸነፍን፣ ያንን አቻ ወጣን፣ እዚህ ጋ ተሸነፍን። "በቃ ልጄ፣ እራትህን ብላ" አልኩት። ኳስ የምጠላ ይመስለዋል።

እንደ እኔ ኳስ የሚወድ አልነበረም። አባቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰኞ ሰኞ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውም ምንም የማያሰፋውም ሱቁ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ተቀቅሎ በዳጣ እየበላ ስለ ቡድናችን ይጨቃጨቃል። ያለፈውን ጨዋታ ውጤት እንኳ አያስታውሱም፤ ይጣሉበታል እንጂ። አባቴ ሰለቸውና "ልጄ ጽፋ ትለጥፈው፣ እሷ አታዳላም" አለ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ካርቶን ላይ አሰመርኩ፤ ያሸነፍንበት፣ የተሸነፍንበት፣ አቻ የወጣንበት። ከጎኑ ደግሞ፣ ማን እንዳዘዘኝ እንጃ፣ "ጥፋተኛ" የሚል ዓምድ ጨመርኩ። በተሸነፍን ቁጥር ኳስ ያስነጠቀውን፣ ቅጣት ምት የሳተውን በስሙ እጽፋለሁ። ሰዎቹ ወደዱት። ትልልቅ ሰዎች ፍርዷን ሲጠብቁ ያየች ልጅ ልቧ ማበጡ አይቀርም፤ የእኔም አበጠ።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ የቡድኑ ሁለተኛ በረኛ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ አንድ የግንቦት ቅዳሜ ዋናው በረኛ ታመመና ተሰለፈ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ሜዳው ጭቃ ነው። ታደሰ ሲወድቅ ሲነሳ ዋለ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ቀላል ኳስ ከእጁ ሾልካ ገባች። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

ሰኞ ሱቁ ከወትሮው ይልቅ ጢም አለ። ጎረቤታችን ጋሽ ሎሃ ፈገግ ብለው፣

"እንግዲህ፣ የወንድምሽንስ ትጽፊያለሽ?" አሉኝ።

አባቴ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። "ተዪው" ቢለኝ ኖሮ እተወው ነበር። አላለኝም። እኔም አዳላች እንዳልባል ከሌላው ሁሉ አድምቄ "ታደሰ" ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ከልምምድ ሲመለስ ገባና ካርቶኑ ፊት ቆመ።

"ፊደልሽ አምሯል" አለኝና ወጣ።

በዚያው ሳምንት ቤሌ አጎታችን ዘንድ ሄደ፤ በቆሎ ነጋዴ ሆኖ እዚያው ቀረ። ዳግመኛ ሜዳ አልገባም።

እኛ አገር ጊፋታ ሲደርስ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው። በዚያ መስከረም አባቴ ሽማግሌዎች ጠርቶ ሁለታችንንም አስቀመጠን። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ስንት ቀን ሳጠና ሰንብቻለሁ። "ታደሰ፣ የሆድህን ተናገር" አሉት።

"እኔ ከእህቴ ጋር ምን ጠብ አለኝ? የጻፈችው እኮ እውነት ነው" አለ።

ጠብ የለም ካለ በምን ይታረቁ? ሽማግሌዎቹ መርቀውን ተነሱ። ያጠናሁት ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ በየጊፋታው ቅቤ ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤሌ መንገድ አቧራ ያጫውተኛል። ስለ ኳስ ግን ትንፍሽ አይልም። አንድ ቀን እንኳ በተቆጣኝ እያልኩ ተመኘሁ። አምና አረፈ።

ብሩክ እሑድ ዕለት ዝም ብሎ አልበላም።

"አክስቴ፣ አባባ በረኛ ነበር የሚባለው እውነት ነው? እሱ ነግሮን አያውቅም።"

"እውነት ነው" አልኩት። "አንድ ጨዋታ ተሰልፏል።"

"ስንት ኳስ አዳነ?"

"ብዙ" አልኩት። ጭቃው ላይ እየተወረወረ ሲመልስ አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔም ጮኼያለሁ። ብዙ መሆኑን እንጂ ስንት መሆኑን ግን አላውቅም። ካርቶኑ ላይ ያዳነውን የምጽፍበት ቦታ አላሰመርኩም ነበር።