ለጃፓን የሚለማመዱት ሴት

ከሪችፊልድ በምሳፈርበት አውቶቡስ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጣሉ። ሃምሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ከሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ ዩኒፎርማቸው ጋር ጭቃ የነካው የተራራ ጫማ ያደርጋሉ፤ መሥሪያ ቤታቸው ለመድረስ ሦስት ፌርማታ ሲቀር ወርደው ቀሪውን በእግራቸው ይሄዱታል። እስከዚያው ከላስቲክ ውስጥ የገብስ ቆሎ በቾፕስቲክ፣ በሩቅ ምሥራቆቹ ሁለት የመብያ እንጨቶች፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ ይበላሉ።

ትናንት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ጃፓን ልሄድ ነው። ዐሥር ቀን በባቡርና በእግር፣ የአገሩን ምግብ እየበላሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። መጀመሪያ ከባሌ ጋር ነበር ቡክ ያደረግነው። ጉልበቴን ሰርጀሪ ባደረግሁ በሳምንቱ ሌላ ሴት ይዞ ጃፓን ሄደ። አዳማ ላሉት እናቱ ደግሞ ‹አልጋ ላይ ቀርታለች፣ ከእንግዲህ አትራመድም› አላቸው። ምስኪን፣ እስከ ዛሬ ያለቅሱልኛል።»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«እሱ ፎቶ የተነሳበት ተራራ ሁሉ ላይ ወጥቼ እነሳለሁ። አንድም አይቀረኝም።»

«ከዚያ ይልኩለታል?»

«ለእሱማ አልልክም» አሉ ለመውረድ እየተነሱ። «ለእናቱ ነው የምልከው። ውሸቱን እሳቸው ይጠይቁት።»