ጃኬቱን ገልብጦ የሚለብሰው አዛዥ

አማን ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ይመጣል። ካኪ ጃኬቱን ገልብጦ ነው የሚለብሰው፤ የደረቱ ባጅ እንዳይታይበት። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሮዳስ ግን አማን የአንድ መጋዘን ዘበኛ መሆኑን ታውቃለች።

ጥግ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ማዳመጫውን ሲደፋ ድምፁ ይለወጣል። በኢንተርኔት አውሮፕላን የሚያበርር የጨዋታ ቡድን መሪ ነው። አምስት ሰዎች በየከተማቸው ሆነው ከኋላው ይሰለፋሉ፤ ፊቱን አይተውት ባያውቁም «አዛዥ» ይሉታል። ሳያስፈቅድ ከሰልፍ የወጣ ይባረራል የሚለውን ደንብ ያወጣው እሱ ነው።

ዛሬ የቴፒው አብራሪ ከሰልፉ መሀል ጠፋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ፣ «አዛዥ፣ መብራት ሄዶብኝ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጻፈ። ሮዳስ ከኋላ ቆማ አነበበችው።

አማን፣ «ጓዱን አየር ላይ ጥሎ የሄደ ምክንያት የለውም» አለና ስሙን ሰረዘው። ከዚያ ሻዩን ፉት አለ።

ሻዩን ሳይጨርስ እነሱ ያሉበት የሚዛን ከተማ መብራትም ድርግም ብሎ ጠፋ።

ማዳመጫውን እንኳ ሳያወልቅ ዞረ። «ሮዳስ፣ እባክሽን ጄኔሬተሩን አስነሺልኝ። ሰዎቼ ይጠብቁኛል።» ለባለመኪኖች በር ሲከፍት የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

«ጓዱን አየር ላይ ጥሎ የሄደ ምክንያት የለውም፣ ጋሼ» አለችው።

ማዳመጫውን አወለቀ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ በትክክለኛው በኩል ለበሰው፤ ባጁን በመዳፉ አበስ አበስ አድርጎ ወደ ዘበኝነቱ ሄደ።

ሮዳስ እሱ መታጠፊያውን እስኪያልፍ ጠበቀችና ጄኔሬተሩን አስነሳች።