ሳላስፈቅድ የለጠፍኩት ጽሑፍ

አባቴ ሲያርፍ ከልብሱ ይልቅ ያስጨነቀኝ አንድ ሳጥን ሙሉ ጋዜጣው ነበር። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ሲፈሉ፣ ደሴ ፒያሳ ከአዟሪ እየገዛ ያጠራቀማቸው ናቸው። አብዛኞቹ ከተዘጉ ቆይተዋል። ወረቀታቸው ቢጫ ሆኖ እጥፋቱ ላይ መበጠስ ጀምሯል። አባቴ ባረፈበት ጊዜ እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን ጥሩ ጥሩውን እየመረጥኩ ስካን አደርግና ፌስቡክ ላይ እለጥፋለሁ። ሰው ወደደው። ሲያመሰግኑኝ እኔ የጻፍኩት ይመስል ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የተነበበው፣ ከዐረብ አገር ፅንስ ይዛ ስለተመለሰች የኮምቦልቻ ልጅ የተጻፈው ነው። ስሟ ተቀይሯል፤ ሰፈሯ ግን አልተቀየረም።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ መሥሪያ ቤቴን አጠያይቀው መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሀረጎን ዳገት ወጥተው፣ በስስ ጃኬት የደሴ ብርድ እያንቀጠቀጣቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«ያን የጋዜጣ ጽሑፍ የለጠፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ፤ ምነው?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ጋዜጣው እኮ ተዘግቷል። ደግሞ የእርስዎን ስም አልደበቅሁትም።»

«ጋዜጣው ቢዘጋ እኔ ሞቻለሁ? ወላሂ፣ ተረስቶ እንዲቀር ስንት ዓመት ዱዓ አድርጌያለሁ! ሴትየዋ ጎረቤቴ ናት። ልጇን ‹አባትሽ ሞቷል› ብላ ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ ስልኳ ላይ አነበበችው። አሁን እናቷን ጥላ ገራዶ ያለች አክስቷ ጋ ሄዳለች።»

እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ሦስት ሌሎች ገጾች ወስደውታል። የጋዜጣውንም የጸሐፊውንም ስም ቆርጠው የራሳቸውን ለጥፈውበታል። ለሦስቱም እየለመንኩ ጻፍኩላቸው። ሁለቱ አነሡት። ሦስተኛው «አንቺስ ማንን አስፈቅደሽ ነው?» ብሎ መለሰልኝ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩና ከመምህሩ ጋር ሴትየዋ ቤት ሄድን። ደጃፏ ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ፊቷን ሳታጠቁር በርጩማ አቀረበችልን፤ እሱ ይበልጥ አሳፈረኝ። ጉልበቷን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋት። መምህሩ ደግሞ «እኔን ሳታስፈቅድ እኮ ነው ያወጣችው» አሉ።

ሴትየዋ በርበሬውን አስቀምጣ ቀና አለች።

«እርስዎስ ያኔ ሲያወጡት እኔን አስፈቅደው ነበር?»

መምህሩ አቀረቀሩ። «ሌሎች ልጆች ይማሩበታል ብዬ ነው» አሉ። ድምፃቸው ብዙም አይሰማም ነበር።

«ለእርስዎ ጎረቤት ብዬ ነው ያጫወትኩዎት» አለችና ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

ልጅቷ ለአረፋ ተመልሳ መጣች። የአባቷን ስም ብቻ ጠይቃ፣ ከተነገራት በኋላ ስለ ጉዳዩ አንስታ እንደማታውቅ መምህሩ በስልክ ነገሩኝ። እኔም ሌላ ጽሑፍ አልለጠፍኩም። ያ ሦስተኛው ገጽ ግን ዛሬም አላነሣውም። አንዳንዴ ሰው ሲያጋራው ስልኬ ላይ ድንገት ይመጣብኛል። ከሥሩ አንዱ «ይህችን ሴት የሚያውቃት አለ?» ብሎ ጠይቋል፤ የሚመልስለት ሰው እንዳይገኝ እየፈራሁ በየጊዜው ከፍቼ አያለሁ።